ሶፍትዌር ማሠራት፣ መከራየት ወይስ መጫን? ከመፈረማችሁ በፊት የሚሠሩ ዘጠኝ ደረጃዎች (ለወሎ ነጋዴዎች)

ደሴም ኮምቦልቻም ተመሳሳይ ነገር ይደጋገማል። ድርጅቱ ሶፍትዌር ያስገባል። ሠራተኛው ይሠለጥናል፣ ሁለት ሦስት ወር ጥሩ ይሄዳል። ከዚያ ኔት ይጠፋል፣ ወይም ሶፍትዌሩን የሠራው ልጅ ስልክ ማንሳት ያቆማል፣ ወይም የዓመቱ ክፍያ በእጥፍ ጨምሮ ይመጣል። ካሸሯ ወደ ደብተሯ ትመለሳለች። ብሩም ድካሙም እዚያው ይቀራል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም። የቀረበበት መንገድ ከሥራው ጋር ሳይገጥም ስለሚቀር ነው። ነጋዴው ዋጋ ያወዳድራል፣ ስክሪኑን አይቶ ይወዳል፣ ይፈርማል። ዳታው የት እንደሚቀመጥ፣ ሲቆም ማን እንደሚጠየቅና ልለቅ ሲል እንዴት እንደሚወጣ ሳይጠይቅ ይገባል። ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በእነዚህ ሦስት ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ እያንዳንዱ ደረጃ የሚቀጥለውን ይፈልጋል።

መጀመሪያ፦ የቀረቡላችሁን አማራጮች ለዩ

*መጫን።* ሶፍትዌሩን ገዝታችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ትጭናላችሁ። ፒችትሪ ለብዙ ሒሳብ ሠራተኛ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ኔት አይፈልግም። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል።

*ማሠራት።* ለውጭ ባለሙያ ወይም ድርጅት ከፍላችሁ በፍላጎታችሁ ልክ ታሠራላችሁ። ጥገናውንም ብዙ ጊዜ የሚይዘው እሱ ነው።

*መከራየት።* ሶፍትዌሩ በሻጩ ሰርቨር (ሁልጊዜ በርቶ ሶፍትዌርና ዳታ በሚይዝ ኮምፒውተር) ላይ ይቀመጣል። እናንተ በኢንተርኔት ትገባላችሁ፣ በወር ወይም በዓመት ትከፍላላችሁ። ይህ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፣ ልዩነቱም ትልቅ ነው። አንደኛው ሁሉም ደንበኛ በጋራ የሚጠቀምበት ነው፤ ስትወጡ የምታገኙት ሻጩ የፈቀደላችሁን ያህል ፋይል ብቻ ነው። ሁለተኛው ለእናንተ ብቻ ተለይቶ የተጫነ ቅጂ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ዳታቤዙን፣ ማለትም ዳታው ሁሉ የተቀመጠበትን ማኅደር፣ ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ።

እኛ ዘንድ በብዛት የሚሸጠው ቅልቅሉ ነው። ለምሳሌ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ኦዱን ወይም ኢአርፒኔክስትን (ሽያጭ፣ ስቶክና ሒሳብ አንድ ላይ የሚይዙ የተዘጋጁ ሶፍትዌሮች) ለእናንተ አስተካክሎ በኪራይ ሰርቨር ላይ ያስቀምጥላችኋል። እንዲህ ሲሆን ከጀርባው ሌላ የሰርቨር አከራይ አለ ማለት ነው። ሻጩ ለዚያ አከራይ ሳይከፍል ቢቀር የሚቆመው የእናንተ ሥራ ነው። ስለዚህ «ሰርቨሩ የማን ነው? በማን ስም ተከፍሏል?» ብላችሁ በመጀመሪያው ስብሰባ ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ሥራችሁን በወረቀት ጻፉ

ሻጭ ሳትጠሩ ይህን ጨርሱ። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ጻፉ። ዕቃ እንዴት ይገባል? ማን ይቆጥራል? ዱቤ ለማን ይሰጣል፣ ማን ይፈቅዳል? ገንዘቡ በጥሬ፣ በቴሌብር ወይስ በባንክ ይገባል? ማታ ሒሳቡን ማን ይዘጋል?

ጣጣ የሚያመጡትን ነጥቦች አትርሱ፦

- በኩንታል ገብቶ በኪሎ የሚሸጥ ዕቃ። መድኃኒት ቤት ከሆነ በካርቶን ገብቶ በስትሪፕ የሚወጣ፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ያለው።
- የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ ጳጉሜን ጨምሮ። ሰኔ 30 የሚዘጋ የበጀት ዓመት።
- የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ። ሶፍትዌሩ ከማሽኑ ጋር ካልተገናኘ ካሸሯ አንዱን ሽያጭ ሁለቴ ትመታለች።
- ዋጋ ማን መቀየር ይችላል፣ ማን አይችልም።

ከዚያ በሦስት ክፈሉት፦ የግድ የሚያስፈልግ፣ ቢኖር ጥሩ የሆነ፣ የማያስፈልግ። «የግድ» የሚለው ዝርዝር ከአንድ ገጽ ከበለጠ እንደገና ቀንሱ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ይህን ዝርዝር ሻጩ እንዲጽፍላችሁ አታድርጉ። እሱ የሚጽፈው ያለውን ነው።

*ሳይሳካ ሲቀር፦* ስቶር ኪፐሩና ሒሳብ ሠራተኛዋ ስለ አንድ ሥራ የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ ቁሙ። መጀመሪያ አሠራሩን አንድ አድርጉ። የተዘበራረቀ አሠራር ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ የባሰ ይዘበራረቃል።

ደረጃ 2፦ ኔትና መብራታችሁን ለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው።

1. አንድ ደብተር ካሸሯ ጋር አስቀምጡ። ለሁለት ሳምንት መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን፣ ኔት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ትመዝግብ። መጋዘን ወይም ቅርንጫፍ ካላችሁ እዚያም እንዲሁ ይመዝገብ። ፒያሳ ላይ የሚሠራ ኔት ከከተማው ዳር ያለው መጋዘን ላይ ላይሠራ ይችላል።

2. ለእያንዳንዱ ሥራ «ስንት ሰዓት ቢቆም እንችላለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሽያጭ አምስት ደቂቃ አይቆምም። የመጋዘን ምዝገባ ግማሽ ቀን ይቆማል። ደመወዝ ሦስት ቀን ይቆማል።

3. ሁለቱን አስተያዩ። አንድ ቀን መቆም የሚችል ሥራ በኢንተርኔት ኪራይ ሊሄድ ይችላል። መቆም የማይችል ሥራ ግን ያለ ኔት መሥራት የሚችል ሶፍትዌር የግድ ይፈልጋል።

ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። የሁለት ሳምንት ምዝገባ እንዲህ ያለውን አያሳይም። «ኔት ለወራት ቢጠፋ ምን እናደርጋለን?» የሚለውን ለብቻው ጻፉት።

4. ሻጩ ሶፍትዌሩን ሊያሳያችሁ ሲመጣ የሚከተለውን ፈተና ስጡት። ሦስት ሽያጭ አስመዝግቡ። የኔት ኬብሉን ንቀሉ፣ ዋይፋዩንም አጥፉ። ሁለት ሽያጭ ጨምሩ፣ ደረሰኝ አትሙ። ገጹን ዝጉና መልሳችሁ ለመክፈት ሞክሩ። ከዚያ ኔቱን መልሱ። አምስቱም ሽያጭ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ መታየት አለባቸው። አራት ከሆኑ ወይም ስድስት ከሆኑ ያ ሶፍትዌር ለእናንተ አይሆንም።

የገጹን ነገር በተለይ አስተውሉ። አንዳንድ የሽያጭ መስኮት፣ የኦዱን ጨምሮ፣ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ኔት ቢጠፋም መሸጡን ይቀጥላል። ካሸሯ ሳታውቅ ከዘጋችው ግን ያለ ኔት መልሶ ላይከፈት ይችላል። ይህን ቀድማ ማወቅ አለባት። ሁለት ካሸር ካላችሁ ደግሞ ሁለቱም ኔት በሌለበት አንዱን የመጨረሻ ዕቃ ቢሸጡት ሲስተሙ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ።

*ሳይሳካ ሲቀር፦* ኔታችሁ በጣም የሚቆራረጥ ከሆነ ለራውተሩ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ግዙ። ከሌላ ኦፕሬተር ሁለተኛ ሲም ያዙ፣ ሽፋኑን ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክራችሁ። ሁለቱም መስመር በአንድ ጊዜ ሊጠፋ ስለሚችል ይህ ያለ ኔት የመሥራትን አቅም አይተካም።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ምረጡ

አሁን ወረቀቱም ልኬቱም እጃችሁ ላይ አለ። እንዲህ ወስኑ።

*ሥራችሁ እንደ ማንም ነጋዴ ከሆነ አታሠሩ።* ሒሳብ፣ ደመወዝ፣ ስቶክ፣ ሽያጭ በሺህ የሚቆጠሩ ድርጅቶች የሚሠሩት ሥራ ነው። ተሠርቶ ያለቀ፣ ስህተቱ ተለቅሞ የወጣለት አለ። ከባዶ ማሠራት የሌላ ሰው መለማመጃ መሆን ነው። በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም።

*ሥራችሁ የተለየ ከሆነ የተለየውን ክፍል ብቻ አሠሩ።* የራሱ መተዳደሪያ ደንብ ያለው የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ከብዙ ገበሬ እህል ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ሒሳብ የሚይዝ ነጋዴ፣ እንደዚህ ያሉት ተዘጋጅቶ የቆየው አይበቃቸውም። ሒሳቡን ከተዘጋጀው ውሰዱ፣ የእህል መቀበያውን አሠሩ፣ ሁለቱ እንዲገናኙ በውል አስገቡ።

*የኮምፒውተር ባለሙያ ከሌላችሁ የራሳችሁን ሰርቨር አታቁሙ።* ሰርቨር መግዛት ቀላል ነው። ባክአፑን (የዳታውን መጠባበቂያ ቅጂ)፣ ቫይረሱን፣ ሙቀቱን፣ መብራቱን በየቀኑ የሚከታተል ሰው ማግኘት ነው ከባዱ።

*ቅርንጫፍ ካላችሁ ኪራይ ያዋጣል።* ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዕቃ ዝርዝር በየማታው በፍላሽ ከማመላለስ አንድ ቦታ ላይ መጻፍ ይሻላል። ግን ደረጃ 2ን ሁለቱም ቦታ ማለፍ አለበት።

*የሰው ሚስጥር የምትይዙ ከሆነ ሕጉን እዩ።* ክሊኒክ፣ መድኃኒት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ቁጠባ ማኅበር ከሆናችሁ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከታችኋል። አዋጁ የሰው የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር ሲተላለፍ መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል። የጤና መረጃ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠየቅበት ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ አገር ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አገር ውስጥም አማራጭ አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) አገልግሎት ይሸጣል፣ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ዳታ ማዕከሎች አሉ።

ለአብዛኛው የደሴ ሱቅና መጋዘን የምመክረው ተዘጋጅቶ የቆየ፣ ለብቻችሁ የተጫነ፣ ያለ ኔት መሸጥ የሚችል ሶፍትዌር ነው። ኪራይም ይሁን በራስ ኮምፒውተር፣ ያንን ኔታችሁ ይወስነው።

ደረጃ 4፦ የሦስት ዓመቱን ወጪ አስሉ

የመጀመሪያውን ወር ዋጋ አታወዳድሩ። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ የጅምላ ሱቅ አለ እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌቱ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ በየቦታው የእናንተን ተኩ።

- *ኪራይ፦* በወር 4,000 ብር፣ ለ36 ወር 144,000። ማስጀመሪያና ሥልጠና 40,000። ኔት በወር 1,500፣ ለ36 ወር 54,000። ድምር 238,000 ብር።
- *ማሠራት፦* ሥራው 250,000። ጥገና በዓመት 15 በመቶ፣ የመጀመሪያው ዓመት ነፃ ሆኖ ለሁለት ዓመት 75,000። ሰርቨር በዓመት 24,000፣ ለሦስት ዓመት 72,000። «ይህን ደግሞ ጨምሩልን» ለሚባለው 50,000። ኔት 54,000። ድምር 501,000 ብር።
- *መጫን፦* ፈቃድ 60,000፣ ኮምፒውተር 70,000፣ ዩፒኤስ 15,000፣ የባክአፕ ዲስክ 8,000፣ የቴክኒሻን ምልልስ 24,000። ድምር 177,000 ብር።

«ጨምሩልን» የሚለውን መስመር አትተዉ። የሚያሠራ ድርጅት ሁሉ ይጨምራል።

ዋጋው በዶላር ከሆነ ሌላ ስሌት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በወር 100 ዶላር የሚከፍል ድርጅት በ57 ብር ሒሳብ 5,700 ብር ያወጣ ነበር። ዶላር 115 ሲገባ ያው አገልግሎት 11,500 ብር ሆነ። ሶፍትዌሩ ላይ ምንም አልተጨመረም። ስለዚህ የዶላር ዋጋ ከሆነ ስሌቱን ሁለቴ ሥሩ፦ አንዴ በዛሬው ተመን፣ አንዴ በእጥፉ። እጥፉን መክፈል ካልቻላችሁ አትግቡ።

በዶላር የሚከፈለው በማን ካርድ እንደሆነም እወቁ። አዲስ አበባ ባለ የአንድ ሰው ካርድ ከሆነ፣ ያ ካርድ ባዶ የሆነ ቀን አገልግሎታችሁ ይቆማል። ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትት አያካትት ጠይቃችሁ ጻፉ።

ደረጃ 5፦ ሻጩን ፈትኑ

ከሁለት ሻጭ በላይ አታብዙ፣ ግራ ትጋባላችሁ። ለሁለቱ ይህን አድርጉ።

1. ከእናንተ ጋር የሚመሳሰሉ ሦስት ደንበኞች ስልክ ጠይቁ። አንዱ ከአዲስ አበባ ውጭ ይሁን። ስትደውሉ «ጥሩ ነው?» አትበሉ። «ለመጨረሻ ጊዜ የቆመው መቼ ነው? በስንት ሰዓት ተነሣ? ማን መጣ?» በሉ።

2. ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለድጋፍ ሰጪው ስልክ ደውሉ። የሚያነሳ ሰው አለ? ገበያው የሚደምቅበት ሰዓት ያ ነው።

3. ማን በአካል እንደሚመጣ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። «በኤኒዴስክ (ኮምፒውተርን ከሩቅ በኢንተርኔት መቆጣጠሪያ) ገብተን እናስተካክላለን» ካሉ ጥሩ፣ ግን ኔት የጠፋ ቀን ኤኒዴስክም የለም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ተወካይ እንዲያስቀምጡ ጠይቁ። ኤኒዴስኩንም ሁልጊዜ ክፍት አትተዉት፤ ሲያስፈልግ እናንተ ትከፍታላችሁ፣ ሲጨርሱ ትዘጋላችሁ።

4. የስም ፈተና ስጡ። «ሐሰን» ብላችሁ መዝግቡና «ሀሰን» ብላችሁ ፈልጉ። «አሕመድ» መዝግቡ፣ «አህመድ» ፈልጉ። ካላገኘው አንድ የዱቤ ደንበኛ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ ዕዳው ይበታተናል። ወሎ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ሻጩ ማስተካከል ካልቻለ ደንበኛውን በስልክ ቁጥሩ መዝግቡ፤ ስሙን ተከታይ አድርጉ። የደንበኛ ስም «የአባት ስም» እና «የአያት ስም» የሚል ቦታ ይኑረው።

ደረጃ 6፦ ውሉን አጥብቁ

ሻጩ በቃል «አብሽሩ፣ እኛ አለን» ይላችኋል። ከልቡ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ያልተጻፈ ነገር ሰውየው ሥራ ሲቀይር አብሮት ይሄዳል። የሚከተሉት በጽሑፍ ይኑሩ።

*ዳታው።* «ዳታው የደንበኛው ንብረት ነው» የሚል አንቀጽ ይኑር። በተጠየቀ በአሥር ቀን ውስጥ ሙሉ ዳታቤዙና ኤክሴል ፋይሉ እንደሚሰጥ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ቢኖር እንኳ እንደማይያዝ ይጻፍ።

*ኮዱ።* የምታሠሩ ከሆነ ሶፍትዌር በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ አለው። መብቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። ሶርስ ኮዱ (ሶፍትዌሩ የተሠራበት የፕሮግራም ጽሑፍ) በእናንተ ስም በተከፈተ የጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) አካውንት ላይ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ክፍያ ከመለቀቁ በፊት የደረሰበት ኮድ እዚያ መግባት አለበት።

*ስሞቹ።* ዶሜይኑ (የኢንተርኔት አድራሻው)፣ ሰርቨሩ፣ ዋናው ኢሜይል በድርጅቱ ስም ይመዝገቡ። በዴቨሎፐሩ የግል ኢሜይል የተከፈተ ዶሜይን የእሱ እንጂ የእናንተ አይደለም። ሰው በጣም የሚጎዳው በዚህች ትንሽ ነገር ነው።

*የማይቋረጥበት መጠን።* «99 በመቶ ይሠራል» ሲሏችሁ ጥሩ ይመስላል። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። አንድ በመቶው 87.6 ሰዓት፣ ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ማለት ነው። 99.9 በመቶ ከሆነ 8.76 ሰዓት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ፣ በሥራ ሰዓት ነው ወይስ በ24 ሰዓት እንደሚቆጠር፣ ካላሟሉ ስንት እንደሚቀነስላችሁ ይጻፍ።

*መልስና ጥገና።* «በሁለት ሰዓት ምላሽ እንሰጣለን» ማለት በሁለት ሰዓት ስልክ ይመልሳሉ ማለት ሊሆን ይችላል። የምላሹንና የጥገናውን ሰዓት ለይታችሁ ጻፉ። ሽያጭ ሲቆም አንድ ሰዓት፣ ሪፖርት ሲበላሽ አንድ ቀን፣ እንዲህ እንደ ክብደቱ።

*የሕግ ለውጥ።* ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው መነሻ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ሲያድግ እርከኖቹም ተቀይረዋል። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ማን ያስተካክላል? በስንት ቀን? በክፍያ ወይስ በነፃ? በጋራ ኪራይ ብዙውን ጊዜ ለሁሉም አንዴ ይስተካከላል። ያሠራችሁት ከሆነ ግን ያለ ውል ማንም አይነካውም።

*ክፍያው።* ለማሠራት ከ30 በመቶ በላይ ቅድሚያ አትክፈሉ። የተረፈውን በሚታይ ሥራ ክፈሉት። የመጨረሻው 20 በመቶ ደረጃ 9 ሲያልፍ ብቻ ይለቀቅ። ለኪራይ የመጀመሪያውን ሦስት ወር በወር በወር ክፈሉ። የዓመት ቅናሽ ቢያሳዩአችሁም ቆዩ።

*ሳይሳካ ሲቀር፦* ሠሪው ሶርስ ኮዱን አልሰጥም ካለ አንድ መካከለኛ መንገድ አለ። ኮዱ ታሽጎ ሁለታችሁ በተስማማችሁበት ጠበቃ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሠሪው ሥራ ቢያቆም ወይም ድጋፍ ቢከለክል ይከፈት። በየስድስት ወሩ አዲሱ ቅጂ ይተካ። ይህንንም እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ደረጃ 7፦ ዳታውን አጽዱ

የዕቃና የደንበኛ ዝርዝራችሁን በኤክሴል አዘጋጁ። የተደገመውን አውጡ። ዕቃው አንድ ስምና አንድ መለኪያ ይኑረው። የዱቤ ዝርዝሩን ከደንበኛው ጋር አረጋግጡ፤ አከራካሪ ዕዳ ይዛችሁ አትግቡ። የአምስት ዓመት የድሮ ሽያጭ አስገቡ አትበሉ፣ የቀሪ ሒሳብ መነሻው ይበቃል። የድሮውን ደብተር ግን አትጣሉ፤ ሕግ የሒሳብ መዝገብ እንድታቆዩ ያስገድዳል።

ደረጃ 8፦ ጎን ለጎን አስኪዱ

አንድ ወር ሙሉ ደብተሩም ሶፍትዌሩም ይሠሩ። ሠራተኛው ያማርራል፣ ታገሡ። ጥሩው ጊዜ ግንቦት ነው፤ ሰኔ ቆጠራና መዝጊያ ስለሆነ ሰው ፋታ የለውም። ሰኔ 30 ቆጥራችሁ ሐምሌ 1 በትክክለኛ መነሻ ትጀምራላችሁ። በገበያ ቀንና በዓረፋ፣ በመስቀል ወይም በጥምቀት ዋዜማ ግን አዲስ ነገር አትጀምሩ።

ማታ ማታ ሦስት ነገር አስተያዩ፦ የገባው ጥሬ ገንዘብ፣ አሥር የተመረጡ ዕቃዎች ቆጠራ፣ የዕለቱ ዱቤ። የመጀመሪያው ሳምንት ልዩነት ይኖራል፣ አብዛኛው የሰው ስህተት ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ዓይነት ልዩነት ከተደጋገመ ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ። በአራተኛው ሳምንትም ካልጠፋ ደብተሩን አትዝጉ፣ ክፍያም አትልቀቁ።

ደረጃ 9፦ መውጫውን ፈትኑ

ገና ሳትጣሉ፣ ሁሉም በሰላም ሲሄድ ይህን አድርጉ።

1. ሙሉ የዳታ ቅጂ ጠይቁ። ስንት ቀን እንደፈጀባቸው መዝግቡ።
2. በሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ዳታቤዝ ከሆነ በሙያው ያለ ሌላ ሰው ይክፈትላችሁ።
3. የደንበኞችን ቁጥር ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። ሦስት የዱቤ ደንበኛ መርጣችሁ ዕዳቸውን ብር ከሳንቲም አስተያዩ።
4. ቅጂውን አስቀምጡ። በየወሩ ድገሙት።

የተሰጣችሁ ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ ፈተናው ወድቋል። ፒዲኤፍ ይነበባል እንጂ ወደ ሌላ ሶፍትዌር አይገባም።

ሲኤስቪ ፋይል (ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ) ሰጥተዋችሁ በኤክሴል ስትከፍቱት አማርኛው የማይነበብ ምልክት ከሆነ አትደንግጡ። ብዙውን ጊዜ ፋይሉ አልተበላሸም። ሁለቴ ተጭናችሁ አትክፈቱት። ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፣ ከዳታ ዝርዝሩ ከጽሑፍ ፋይል ማስገቢያውን ምረጡ፣ የፊደል ዓይነቱን ዩቲኤፍ-8 አድርጉ። አማርኛው ይመለሳል። የተበላሸውን ግን «አስቀምጥ» አትበሉት፤ ያኔ በእርግጥ ይጠፋል።

የባክአፑ ሕግ 3-2-1 ይባላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለ ባክአፕ አይቆጠርም። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክም ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይቆለፋል፤ ገልብጣችሁ ንቀሉት። «ሌላ ቦታ» የሚለውን ጎረቤት ሱቅ አድርጋችሁ አትተርጉሙት። በ2014 በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በአንድ ሰሞን ተይዘው ብዙ ድርጅትና መሥሪያ ቤት ተዘርፏል። ሁለቱም ከተማ ያለው ቅጂ በአንድ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። አንዱ ቅጂ ከአካባቢው ውጭ ይሁን፤ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ያለ በፓስወርድ የተቆለፈ ዲስክ ወይም ክላውድ።

ሥራ ከተጀመረ በኋላ ችግር ሲመጣ

*ሻጩ ስልክ አያነሳም።* በዚያው ቀን የዳታ ቅጂ አውርዱ። ከዚያ በኢሜይልና በደብዳቤ አሳውቁ፣ ቀኑ ይመዝገብ። የሚቀጥለውን ክፍያ በውሉ መሠረት ያዙ።

*ዋጋ ድንገት ጨመረ።* ውሉን እዩ። የቅድሚያ ማስታወቂያ ጊዜ ከተጻፈ በዚያ ጊዜ ውስጥ በድሮው ዋጋ ትሠራላችሁ። ያን ጊዜ ተጠቅማችሁ የሁለተኛውን ሻጭ ዋጋ እንደገና ጠይቁ። ደረጃ 9ን በየወሩ ስትሠሩ ከነበረ ለመውጣት አትለምኑም።

*ያሠራችሁት ልጅ ሥራ ለቀቀ ወይም አገር ጥሎ ሄደ።* ኮዱ በእናንተ አካውንት ካለ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተማሩ ልጆች እዚሁ አሉ፤ አንድ ጥሩ ባለሙያ ኮዱን አንብቦ ሊረከበው ይችላል። ኮዱ ከሌላችሁ አዲስ ሰው «እሞክራለሁ» ቢላችሁም አትክፈሉ። ዳታውን አውጥታችሁ ወደ ተዘጋጀ ሶፍትዌር ተሻገሩ።

*የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ያለው ሠራተኛ ለቀቀ።* ሒሳቡን ከመዝጋታችሁ በፊት ፓስወርዱን ቀይሩ። የዋናውን ኢሜይል፣ የዶሜይኑን፣ የሰርቨሩንም ጨምራችሁ። የመመለሻ ስልክ ቁጥሩ የሠራተኛው ከሆነ እሱንም ለውጡ፤ ያለዚያ በአንድ መልእክት ፓስወርዱን እንደገና ቀይሮ ሊገባ ይችላል።